ፌንጣና በረዶ፦ የነፍሳት ዘር ታሪክ ከበረዶ ዘመን ወዲህ

ታሪክ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ንጉሥና ወደ ጦር ሜዳ ነው። ማን ነገሠ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ከየት ተነሥቶ የት ሰፈረ እንላለን። ትንሽ ሰፋ ስናደርገው ደግሞ ገበሬውንና ሸማኔውን እንጨምርበታለን፤ ይኸም ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ታሪክ ያለው ሰው ብቻ ነው ወይ? ሣር ላይ የምትዘለዋ ፌንጣስ? «ፌንጣ ደግሞ ምን ታሪክ አላት፤ ትዘላለች፣ ትበላለች፣ ትሞታለች» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ፌንጣም ታሪክ አላት፣ ታሪኳም ተጽፏል ብለን ነው። የተጻፈው በገዛ አካሏ ውስጥ፣ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፈው የዘር ውርስ ላይ ነው። ከጸሐፊዎቹም ዋናው በረዶ ነው።

ጉዳዩን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ከዚህ ታሪክ የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ገና ከመጀመሪያው ብንናገረው ይሻላል። አንድ ፍጥረት በብዛት የሚታይበት አገርና የዘር ሀብቱ የተከማቸበት አገር አንድ ላይሆን ይችላል። ሰፊውን መሬት የወረሰው ወገን ብዙ ጊዜ በዘር ድኻ ነው፤ በጠባቡ መሸሸጊያ የቀረው ወገን ደግሞ ባለ ጎተራ ነው። ይኸን ያላወቀ ሰው «ፍጥረቱ እኮ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ምን ያሠጋል?» እያለ ጎተራው ሲቃጠል ዝም ብሎ ያያል።

እንግዲህ ከበረዶው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1837 ሉዊ አጋሲ የተባለ የስዊስ ሊቅ በኑሻቴል ከተማ ለተሰበሰበው የአገሩ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ንግግር አደረገ። አውሮፓ በአንድ ወቅት በታላቅ የበረዶ ግግር ተሸፍና ነበር፣ ከተራራው ርቀው ሜዳ ላይ ተጥለው የምናያቸውን ትልልቅ ቋጥኞች ያመጣቸውም ይኸው በረዶ ነው አለ። ሰሚዎቹ በቀላሉ አልተቀበሉትም። አጋሲ ስለ በረዶው ትክክል ነበር፤ ስለ ሕይወት የነበረው ግምት ግን ሌላ ነው። እሱ እንደሚያምነው በረዶው የነበረውን ሕይወት ሁሉ ጠርጎ አጠፋ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ፍጥረት እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። በእሱ አስተሳሰብ ከበረዶው በፊትና ከበረዶው በኋላ ያሉትን የሚያገናኝ የዘር ሐረግ የለም።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ መልስ ሰጠ። ቅዝቃዜው እየበረታ ሲመጣ ፍጥረታት ወደ ደቡብና ወደ ቆላ ወረዱ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን፣ ከፊሎቹ ወደ ተራራ ወጡ አለ። በአልፕስ ተራራ ጫፍና በሰሜን ዋልታ አጠገብ አንድ ዓይነት ዕፀዋት የሚገኙትም ስለዚህ ነው። በዚያው ምዕራፍ የአውሮፓን ወገን የሚመስሉ ዕፀዋት በኛው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እንዳሉ ሳያነሣ አላለፈም። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ጉዞውን ግን ማንም በዓይኑ አላየውም፣ የተጓዡም ዱካ ገና አልተገኘም ነበር።

በረዶው ለምን እንደሚመጣና እንደሚሄድ በስሌት ያሳየው ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ቅርጹን ይለውጣል፤ የዘንጓ ዘንበልታ በ41 ሺህ ዓመት ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዘንጉም ፍጥነቱ እንደ ቀነሰ እንዝርት በ23 ሺህ ዓመት ገደማ ይዞራል። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ ሰሜኑ የምድር ክፍል በበጋ የሚያገኘው የፀሐይ ሙቀት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የክረምቱ በረዶ በበጋ ሳይቀልጥ ከቀረ በላዩ ሌላ ይደረብበታል፤ እንዲህ እያለ ይከመራል። ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ከባሕር ወለል በወጣ ጭቃ ላይ እነዚህን ዑደቶች አግኝተው ስሌቱን አረጋገጡለት።

ስለዚህ «የበረዶ ዘመን» የምንለው አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ ነገር አይደለም። ባለፉት 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በረዶው ብዙ ጊዜ መጥቷል፣ ብዙ ጊዜ ተመልሷል። በተለይ ባለፉት 800 ሺህ ዓመታት አንዱ ዙር ወደ 100 ሺህ ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ቅዝቃዜው ረዥም፣ ሙቀቱ አጭር ነው። አሁን የምንኖርበት ሞቃት ዘመን የጀመረው ከ11,700 ዓመት በፊት ነው። የመጨረሻው በረዶ ከ21 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጫፍ ሲደርስ በስካንዲናቪያ ላይ እስከ 3 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ነበረው። ውኃው በበረዶነት ስለ ታሰረ ባሕሩ ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እንግሊዝም ከአውሮፓ ጋር በየብስ የተያያዘች ነበረች። ከበረዶው በስተ ደቡብ ያለው ሜዳ ደረቅና ብርዳም ነበር። ሞቅ ያለ ነገር የሚወዱት ፍጥረታት የተረፉት በአብዛኛው በሦስቱ የደቡብ ልሳነ ምድሮች፣ ማለትም በስፔንና ፖርቱጋል፣ በኢጣሊያ፣ በባልካን ነው።

እሺ፣ ነፍሳቱ ምን ሆኑ? የመጀመሪያውን ጥሩ ማስረጃ ያመጣው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ራስል ኩፕ ነው። ኩፕ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር አፕተን ዋረን በሚባል ቦታ፣ ጠጠር በሚቆፈርበት ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጭቃ አገኘ፤ በጭቃው ውስጥም የጢንዚዛ ክንፍ ሽፋኖች ያብረቀርቁ ነበር። የሚሠራበት ዘዴ የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። ጭቃው በወንፊት ይታጠባል፣ የቀረው በላምባ ይታሻል፣ ከዚያ ውኃ ይጨመርበታል። ላምባው የነፍሳቱን ቅርፊት ስለሚይዝ ስብርባሪው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አሸዋው ወደ ታች ይቀራል። የተንሳፈፈው በማንኪያ ተቀድቶ በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ኩፕ ያየው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፉባቸው ጢንዚዛዎች ዛሬ በሕይወት ካሉት ጋር አንድ ናቸው። የክንፉ ሽፋን ቅርጽ፣ በላዩ ያለው ነጠብጣብ፣ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት የሚያገለግለው የወንዱ የመራቢያ አካል ሳይቀር አልተለወጠም። የሚያስደንቀው ግን የሚኖሩበት አገር ነው። አፎዲየስ ሆልደረሪ የምትባል በእበት ውስጥ የምትኖር ጢንዚዛ በበረዶው ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ሞልታ ነበር፤ ዛሬ ግን የምትገኘው በቲቤት ከፍተኛ አምባ ላይ ብቻ ነው። ታኪነስ ካየላተስ የምትባለውም ከእንግሊዝ ጭቃ ወጥታለች፤ በሕይወት የታወቀችው ግን በሞንጎሊያ፣ በኡላን ባቶር አካባቢ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። ኩፕ እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪያርፍ ድረስ ይኸንኑ ሲያስተምር ኖረ፦ አየሩ ሲለወጥ ነፍሳቱ በአብዛኛው ጠባያቸውን አልለወጡም፣ አገራቸውን ለወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አካላቸው ካልተለወጠ በረዶው በነሱ ላይ ምንም ምልክት አልተወም ማለት ነው? ሄደው መጡ፣ በቃ? መልሱ የተገኘው ከጭቃው ቁፋሮ ወጥተን በሕይወት ያለውን ነፍሳት ስናይ ነው። ቅርፊቱ ያልተናገረውን ዲ.ኤን.ኤ. ተናገረ። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ያረፈው ጎድፍሬይ ሂዊት ነው፤ ዋና ምስክሩም ፌንጣ ናት።

ፌንጣዋ ኮርቲፐስ ፓራሌለስ ትባላለች። በአውሮፓ መስክና ግጦሽ ላይ ከስፔን እስከ ሩሲያ ትገኛለች። ክንፏ አጭር ስለሆነ አብዛኞቹ መብረር አይችሉም፤ ዘለው ነው የሚሄዱት። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ትተካለች። እንግዲህ በእግሯ የምትሄድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልድ፣ እንደ አንበጣ በነፋስ የማትጓዝ ፍጥረት ናት። ጉዞን ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል፤ አያቷ የነበረችበትን ቦታ ቶሎ አትለቅምና።

ሂዊትና ባልደረቦቹ ከየአገሩ ፌንጣ ሰብስበው ዲ.ኤን.ኤዋን አነጻጸሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1995 አሳተሙ። የስፔኗ ፌንጣ የራሷ ዘር አላት፤ የኢጣሊያዋም የራሷ፤ የግሪክና የቱርክ ፌንጣዎችም እንዲሁ ይለያሉ። ከባልካን ወደ ሰሜን ያለው ግን ከፈረንሳይ እስከ እንግሊዝ፣ ከጀርመን እስከ ሩሲያ ድረስ በመሠረቱ አንድ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ እሱም የባልካኑ ወገን ነው። ያ ሁሉ ሰፊ አገር በአንድ ቤተሰብ ልጆች ተይዟል ማለት ነው።

የስፔኗና የኢጣሊያዋ ለምን ወደ ሰሜን አልወጡም? ካርታውን ማየት ብቻ ይበቃል። ስፔንን ከፈረንሳይ የሚለየው የፒሬኔ ተራራ ነው፤ ኢጣሊያን በሰሜን የሚዘጋት አልፕስ ነው። በሁለቱም ላይ በረዶው ዘግይቶ ቀለጠ። ባልካን ግን በሰሜን በኩል ወደ ሜዳ ክፍት ነው። በሩ ቶሎ የተከፈተለት ወገን ወጥቶ መሬቱን ያዘ፤ ሌሎቹ በሩ ሲከፈትላቸው ግን ሜዳው ተይዞ ቆያቸው። ይኸ ማለት ግን ሁሉም ነፍሳት በአንድ መንገድ ሄዱ ማለት አይደለም። ለምሳሌ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ጥቁር ንብ የምትዛመደው ከስፔን ንብ ጋር ነው፤ የኢጣሊያ ንብ ደግሞ ለባልካን ንብ ትቀርባለች። መንገዱ እንደየፍጥረቱ ይለያያል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ሁሉም ከደቡብ መሸሸጊያ ተነሥቶ ነው የወጣው።

የጉዞውን ፍጥነት ማስላትም ይቻላል። ከባልካን እስከ እንግሊዝ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግሊዝን ከአውሮፓ የለየው ባሕር መንገዱን የዘጋው ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ መብረር የማትችል ፌንጣ ደግሞ ከዚያ በፊት መድረስ ነበረባት። ሙቀቱ ከተመለሰ በኋላ የነበራት ጊዜ እንግዲህ ከ4,000 ዓመት ያነሰ ነው። በዓመት በመቶ የሚቆጠሩ ሜትሮች መሄድ ነበረባት ማለት ነው። ለአንዲት ዘላይ ፍጥረት ይኸ ሩጫ ነው።

ሩጫው ደግሞ ዋጋ አስከፈላት። ነገሩን በእህል እናስበው። አንድ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሠርገኛ ጤፍ ተቀላቅሎ አለው እንበል። ልጁ ሩቅ አገር ሊያቀና ሲወጣ ከጎተራው አንድ እፍኝ ይዞ ይሄዳል። በእፍኙ ውስጥ ከጎተራው ዓይነት ሁሉ አይገኝም፤ አንዳንዱ ዓይነት እዚያው ይቀራል። ልጁ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ መሬቱን ሞላው። የልጅ ልጁ ደግሞ ከዚያ ማሳ ዳር ሌላ እፍኝ ይዞ ራቅ ወዳለ አገር ይሄዳል፤ አሁንም ጥቂት ዓይነት ይቀራል። ይኸ አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ቢደጋገም በመጨረሻው አገር የሚታየው ማሳ እጅግ ሰፊ፣ እህሉም እጅግ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከጎተራው ዘግይቶ የተነሣ ሌላ ወንድም ሌላ ዓይነት ዘር ይዞ ቢመጣም መሬቱ ተይዟልና የሚዘራበት አያገኝም።

ፌንጣዋ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁልጊዜ መንገዱን የሚከፍቱት ከፊት ያሉት ጥቂት ዘላዮች ናቸው፤ ባዶው ሣር ላይ ደርሰው በፍጥነት ይራባሉ፣ ቦታውን ይሞሉታል፣ ኋላ ለሚመጣው አይለቁም። በየደረጃው የዘር ዓይነት እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሰሜኑ ሰፊና አንድ ወጥ ሆነ፤ ደቡቡ ጠባብና ብዙ ዓይነት ሆኖ ቀረ። ደቡቡ ሀብታም የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። ደቡቡ ተራራማ ነው። ቅዝቃዜ ሲመጣ ፌንጣዋ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ታች ትወርዳለች፤ ሙቀት ሲመጣ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ላይ ትወጣለች። ሰሜነኛዋ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ያገኘችውን አየር ይቺ በአንድ ገደል ቁልቁለት ላይ ታገኘዋለች። ሳትርቅ ስለ ኖረች ዘሯን በየመንገዱ አላፈሰሰችም። በየሸለቆው ያለው ወገንም ለብዙ የበረዶ ዘመናት ለየብቻው ስለ ቆየ የየራሱን ልዩነት አከማቸ።

የሰሜኑ ወገን መጨረሻስ? በረዶው ሲመለስ ወደ ደቡብ ተመልሶ የሚድን ይመስለን ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፤ መሸሸጊያዎቹን በዚያው የቀሩት ወገኖች ይዘዋቸዋል፣ የሰሜኑ ሕዝብ ባለበት ይጠፋል። የሚቀጥለው ሙቀት ሲመጣ የሚወጣው እንደገና ከጎተራው ነው። እንግዲህ ዘሩን ከዘመን ዘመን ያሻገረው በሜዳው ላይ የሞላው ብዙ ሕዝብ ሳይሆን በተራራው ሥር የቀረው ጥቂቱ ነው።

አሁን ደግሞ ወገኖቹ የተገናኙበትን ቦታ እንይ። የስፔኗ ፌንጣ ከደቡብ፣ የባልካኗ ዘር ከሰሜን የፒሬኔን ተራራ እየወጡ፣ በረዶው ከበሮቹ ላይ ሲቀልጥ በተራራው ማለፊያ ላይ ተገናኙ። የመጨረሻው በረዶ ብቻ አይደለም የለያቸው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ብዙ የበረዶ ዘመናት ተለያይተው ኖረዋል። ስለዚህ ሲገናኙ ዘመዳሞች ቢሆኑም እንግዶች ነበሩ። ዘፈናቸው ይለያል፤ እግራቸውን በክንፋቸው ላይ ሲያሹ የሚያሰሙት ድምፅ ማለታችን ነው። በቤተ ሙከራ ሲዳቀሉ ደግሞ ወንዱ ክልስ መካን ይሆናል፣ ሴቷ ግን ትወልዳለች። በተራራው ላይ፣ ለሺህ ትውልዶች ሲቀላቀሉ በኖሩበት ጠባብ መስመር ውስጥ ግን ያ መካንነት አይታይም፤ መቀላቀሉ ራሱ ችግሩን እያለዘበው መጥቷል። ሆኖም መስመሩ አልጠፋም። ወደ 10 ሺህ ለሚጠጉ ትውልዶች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ዛሬም በፒሬኔ ማለፊያዎች ላይ አንዱ ወገን አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ ማሳየት ይቻላል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ፖዲስማ ፔደስትሪስ የምትባል ክንፍ የሌላት የተራራ ፌንጣ በፈረንሳይ ደቡብ አልፕስ ላይ በሁለት ወገን ተከፍላ ትኖራለች። የሚለያቸው ጾታን የሚወስነው ክሮሞሶም አደረጃጀት ነው። ሂዊትና ኒክ ባርተን እንዳሳዩት የሁለቱ መገናኛ ወርዱ 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከክልሶቹ ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። እዚያ ተራራ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ ወንዝም አጥርም አያይም፤ ሣሩ ያው ሣር፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። የወሰኑ ምልክት ያለው በፌንጣዎቹ ክሮሞሶም ውስጥ ብቻ ነው፤ መስመሩን ያሰመረው በረዶም ከቀለጠ ሺህ ዓመታት አልፈዋል።

ይኸን ካነበበ በኋላ አንዳንድ ጓደኛችን «ያው ሰውም እንደዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ተራራ አለው» ሊል እንደሚችል እንገምታለን። አይሆንም እንላለን። የፒሬኔዎቹ ፌንጣዎች ለብዙ የበረዶ ዘመናት የተለያዩ ናቸው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ግን የቅርብ ዘመዳም ነው፣ በሄደበትም ሁሉ ሲጋባና ሲቀላቀል የኖረ ነው። ከፌንጣ የዘር ታሪክ የሰው የዘር ሐረግ ፖለቲካ አይወጣም። ከፌንጣዋ የምንማረው ጎተራ የት እንደሚገኝ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሙቀት ስለሚወዱት ነው። ብርድ ለሚወዱት ነፍሳት ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ለነሱ የበረዶው ዘመን የጥጋብ ዘመን ነበር፣ የስደታቸው ዘመን አሁን ነው። ከላይ ያነሣናት የእበት ጢንዚዛ ከእንግሊዝ ተነቅላ በቲቤት አምባ ላይ የቀረችው ለዚህ ነው። ኤሬቢያ የሚባሉት ቡናማ የተራራ ቢራቢሮዎችም ዛሬ በአልፕስ፣ በፒሬኔ፣ በካርፓቲያን ተራሮች ላይ ተለያይተው ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሞቃት ቆላ ለነሱ እንደ ባሕር ነው።

ይኸ ሁለተኛው ታሪክ ከኛ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። በረዶ የአውሮፓ ነገር ብቻ የሚመስለን ተሳስተናል፤ በሰሜንም፣ በባሌና በአርሲ ተራሮችም ላይ የበረዶ ግግር ነበር። በባሌና በአርሲ በአንድ ላይ ወደ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በበረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበር፣ በረዶውም ጫፍ የደረሰው ከ40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ነበር ተመራማሪዎች ከተወው ድንጋይ ዕድሜ አውጥተዋል። የቱሉ ዲምቱ ከፍታ 4,377 ሜትር ነው፤ ዛሬ ግግር በረዶ የለበትም። ያኔ ግን ውርጭ የሚወደው የደጋ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ከዛሬው በጣም ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። ውርጩ ሲወርድ ተራራ ከተራራ ይቀራረባል፣ ነፍሳቱም መሻገሪያ ያገኛሉ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ግን እያንዳንዱ ተራራ ለብቻው ደሴት ይሆናል። የስምጥ ሸለቆው ደግሞ በሁለቱ ከፍተኛ ምድሮች መካከል እንደ ትኩስ ቦይ ተዘርግቷል።

ውጤቱን በመሬት ላይ በሚሮጡት ክንፍ አልባ ጢንዚዛዎች ላይ እናየዋለን። ትሬኩስ ከሚባለው ወገን ያሉት ትንንሽ ጢንዚዛዎች በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ላይ በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች አሏቸው፤ አንዱ ተራራ ከሌላው የተለየ የራሱ ዝርያ ይኖረዋል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 ሰሜን ተራራ ላይ ወጥቶ ነፍሳት የሰበሰበው ይኸን ዓይነት የደጋ ፍጥረት ፍለጋ ነው። ድንጋይ ገልብጦ በሚታይ አንድ ጥቁር ጢንዚዛ ምክንያት ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ለአንዳንዱ ዕብደት ይመስለዋል። በረዶውን ላስታወሰ ሰው ግን እያንዳንዱ ጢንዚዛ የሺህ ዘመናት ሰነድ ነው፤ ግልባጩም በሌላ ተራራ ላይ አይገኝም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ላይ ደረስን። ዛሬ አየሩ እየሞቀ ነው፤ ይኸኛውን ሙቀት የሚያመጣው የሰው ልጅ የሚያነደው ነዳጅና ከሰል ነው። «ነፍሳት እኮ ከዚህ በፊት ብዙ ለውጥ አልፈዋል፣ ይኸንንም ያልፉታል» የሚል ክርክር እንሰማለን። ታሪኩ ግን ይኸን አይደግፍም። ያለፉት በመሄድ ነው። ያኔ ሲሄዱ ከፊታቸው ክፍት ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ከፊታቸው የታረሰ መሬት፣ አስፋልት፣ ከተማ አለ። ያኔ መሬቱን ያጡት ሲጠፉ ጎተራው በደቡብ ተራሮች ሥር ተጠብቆ ይቆይ ነበር፤ ዛሬ የሚነካው ጎተራው ራሱ ነው። በተራራ ጫፍ ላይ ያለ ብርድ ወዳድ ፍጥረት ደግሞ ሙቀቱ ከታች፣ የገብስ እርሻውና ግጦሹ ከታች ሲገፉት ወደ ላይ ይወጣል። ከሳነቲ በላይ ግን ሌላ ሳነቲ የለም።

ከዚህም የተነሣ ጥበቃ የሚገባውን ስንመርጥ የምንቆጥርበት ሚዛን መለወጥ አለበት እንላለን። «ስንት አሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ያሳስታል። በሰሜን አውሮፓ መስክ ላይ በሚሊዮን የምትዘለው ፌንጣ ከአንድ እፍኝ የወጣች ናት፤ በአንድ የግሪክ ወይም የስፔን ተራራ ላይ ያለችው ጥቂት ፌንጣ ደግሞ ለሚቀጥለው ዘመን የሚሆን ዘር ይዛለች። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ዓይነት ዘር ይዘዋል? ከምን ያህል ዘመን ጀምሮ?» የሚል መሆን አለበት። ይኸ ጥያቄ ደግሞ ዓይናችንን ከሜዳው ወደ ተራራው ይመልሰዋል።

ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ይኸን ስናነብ የሩቅ አገር ወሬ አድርገን ማለፍ አይገባንም። ከአፍሪካ ከፍተኛ ምድር ሰፊው ክፍል ያለው በኛ አገር ነው። የታሪክ ተማሪው ብራና ሲገልጥ፣ የሥነ ሕይወት ተማሪው በሰሜን፣ በጮቄ፣ በጉና፣ በባሌ ድንጋይ እየገለበጠ ከብራናው በዕድሜ እጅግ የሚበልጠውን መዝገብ ማንበብ ይችላል። መሣሪያውም ሲጀመር ወንፊት፣ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስና ትዕግሥት ነው። የመጀመሪያው ሥራ የያንዳንዱን ተራራ ነፍሳት ሰብስቦ፣ የተገኙበትን ቦታና ከፍታ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ይኸም በቶሎ መደረግ አለበት፤ ዛሬ ድንጋዩ ሥር ያለችው ጢንዚዛ ወደ ላይ የምትሸሽበት ቦታ እያለቀባት ነውና።